የቱሉ ዲምቱ ሱቆቻችን፦ ጥሬ ብር ወይስ ካርድ? (ረቂቅ)

ጸሐፊው፦ ማኅበራችን ሊለጥፈው ያሰበው ማስታወቂያ ረቂቅ ይኸው። ሥጋ፣ እንጀራና ዳቦ የሚያነሳ እጅ ጥሬ ብር አይንካ። አንድ የጋራ ፖስ ማሽን (የካርድ መክፈያ) እናስገባ፤ ካርድ የሌለው በቴሌብር ይክፈል። ብር በምራቅ መቁጠር ይቁም። መዋጮ ከየሱቁ 500 ብር። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ሥጋ ቤት፦ ደግፌያለሁ። ባለፈው አንዲት እናት «ብር በያዝክበት እጅ ልትቆርጥልኝ ነው?» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። እውነታቸውን ነው። ቢላዋዬን አጥባለሁ፣ ብሩን በምን ልጠበው?

እንጀራ፦ «በምራቅ» የተባለው ለማን ነው?

ጸሐፊው፦ ለማንም አይደለም እትዬ። በጥቅሉ ነው።

እንጀራ፦ ጣቴን ምላሴ ላይ ነክቼ የምቆጥረው እኔ እንደሆንኩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደንበኛ ግድግዳውን እያነበበ ወደ እኔ ሊዞር ነው?

መድኃኒት ቤት፦ እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ወረቀቱ ላብና ቅባት ይይዛል። መስከረም 2013 ላይ 10፣ 50 እና 100 ሲቀየሩ 5 ብር አልተቀየረም፤ መልኩን እያያችሁት ነው። ችግሩ ብር መንካቱ ብቻ አይደለም፤ በነካንበት ጣት አፋችንን መንካታችን ነው። ማሽኑም ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም፤ ቁልፉን ሁሉም ይጫነዋል። ግን እሱ በአልኮል ይጠረጋል።

ሥጋ ቤት፦ በቃ፣ ምራቁ ይቁም!

እንጀራ፦ አንተ ልጅ፣ ሰው አዋርደህ ነው ንጹሕ የምትሆነው? እኔ 500 ብሬን አልከፍልም።

ዳቦ ቤት፦ «በምራቅ» የምትለዋን ቃል አውጧትና እንለፍ።

ሥጋ ቤት፦ ለምን ትወጣለች? ዋናዋ እሷ ናት።

ሞባይል ጥገና፦ በአንድ ቃል ሦስት ቀን አለቀ! እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማታ የቀኑን ሽያጭ በኪሴ ይዤ በጨለማ ነው የምገባው። ቴሌብር ከዚያ ይገላግለኛል። የውሸት ስክሪንሾት ግን በዝቷል። ከቴሌብር ቁጥር ከ127 መልእክት ካልመጣና ሒሳባችሁ ላይ ካላያችሁ ዕቃ አታስረክቡ። ሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም። ደግሞ ማሽኑ የጋራ ከሆነ ገንዘቡ የሚገባው በማን ሒሳብ ነው?

ልብስ ሰፊ፦ ነገ ባንክ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ሊቀመንበር፦ ማኅበሩ ሲጀመር ቀድመው መዋጮ ያወጡት እትዬ ናቸው። ይህን የረሳ ያስታውስ።

ሥጋ ቤት፦ እትዬ፣ አፌ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

እንጀራ፦ ይቅር ብያለሁ። ባንክ ቤት ያሉት ልጆች እርጥብ ስፖንጅ ነክተው ይቆጥሩ የለ? እሱን ግዙልኝ፣ ምላሴን አላስነካም።

ዳቦ ቤት፦ ለእኔም።

አትክልት ቤት፦ ለእኔም።

ጸሐፊው፦ «በእርጥብ ስፖንጅ ይቆጠር» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ልብስ ሰፊ፣ ባንኩ ምን አለ?

ጸሐፊው፦ ልብስ ሰፊ?

ሊቀመንበር፦ ሱቁ ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው። ማሽኑ ይቆይ። ስፖንጅና ሳሙና እንግዛ፣ መዋጮው 100 ብር ይሁን።

መድኃኒት ቤት፦ ሳሙናው ጥሩ ነው። ግን ውኃ በጠፋ ቀን በምን እንታጠባለን?

ዳቦ ቤት፦ እሱስ እውነት ነው። ሮቶ እንትከል።

ሥጋ ቤት፦ ለሮቶ ከሆነ 500ውን እከፍላለሁ። ከእኔ ጀርባ ቦታ አለ።

አትክልት ቤት፦ እዚያ የእኔ ሣጥኖች ናቸው። አላነሳም።