ጆሮዬ ነው ወይስ ጣቴ? ፒያኖ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የቤቱ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ማታ ማታ የምለማመደው በሄድፎን ነው። አሁን ሁለት ኪቦርድ ቤት አለ። አንዱ የኔ ነው፤ ቁልፎቹ ቀላል ፕላስቲክ ናቸው። ሌላው ከጓደኛዬ የተዋስኩት፣ 88 ቁልፍ ያለውና እንደ እውነተኛ ፒያኖ የሚከብድ ነው። ሁለቱንም በየተራ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ ከላፕቶፑ የሚወጣውን ያንኑ አንድ የፒያኖ ድምፅ እጠቀማለሁ። በከባዱ ኪቦርድ ትዝታ ስጫወት ድምፁ ይወፍራል፣ ባሱ አንጀት ድረስ ይገባል። በቀላሉ ኪቦርድ ስጫወት ያው ዜማ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይለኛል።

ኪቦርዱ ለላፕቶፑ የሚነግረው እኮ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ፍጥነት እንደወረደና መቼ እንደተለቀቀ ነው። ፍጥነቱም ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይላካል። የቁልፉ ክብደት የሚባል መልእክት የለም። ታዲያ ውፍረቱ ከየት መጣ?

ጀርባዬን ሰጥቼ እህቴ በሁለቱም ስትጫወት አዳመጥኩ። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ! ራሴ ስነካው ግን ልዩነቱ ቁጭ ይላል።

ከባዱ ላይ ሳይታወቀኝ በኃይል እየመታሁ ቁጥሩ ከፍ እያለ ይሆን? ወይስ ጣቴ ክብደት ሲሰማው ጆሮዬ ትልቅ ፒያኖ እየጠበቀ ነው? ሁለቱን እንዴት ለይቼ ልፈትሽ? የራሴን ኪቦርድ የንክኪ ማስተካከያ (ለምን ያህል አመታት ምን ቁጥር እንደሚላክ የሚወስነውን) ብቀይረውስ ለውጥ ያመጣል? ፒያሳ የጠየቅኩት ሻጭ "የከባዱ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው" አለኝ። ሻጭ ምን ሊል ኖሯል! ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘቤን ሳላወጣ ድረሱልኝ።