ከአሴቶን በኋላ በብር ሳንቲም ላይ የቀሩ አረንጓዴ ነጥቦች፦ ቀጥሎ ምን ላድርግ?

ሳንቲሙ 90 በመቶ ብር፣ 10 በመቶ መዳብ ነው። ፒቪሲ ከተባለ ለስላሳ ፕላስቲክ ከተሠራ ማቀፊያ የመጣ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት ነበረበት። በመስታወት ዕቃ፣ በንጹሕ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ዘይትና ሽቶ ስለሚጨመርበት አይሆንም) ሁለት ጊዜ 30፣ 30 ደቂቃ ዘፍዝፌ፣ በአዲስ አሴቶን አለቅልቄ፣ ሳላሽ አደረቅሁት። ቅባቱ ለቋል፤ ከፊደሎቹ ሥር ግን ሁለት ደረቅ ነጥቦች አሉ። አሴቶን የፕላስቲክ ቅሪትን እንጂ የመዳብ ዝገትን አያሟሟም፤ ስለዚህ ገጹ መበላት ጀምሮ እንዳይሆን በጣም ሰግቻለሁ። ቤኪንግ ሶዳ ይጭራል፣ አሲድ ያለበት የብር ማጽጃም ስሱን የላይ ገጽ አንሥቶ የመጀመሪያ አንጸባራቂነቱን ያጠፋል፤ ሁለቱንም አልሞክርም።

አሴቶን ውስጥ ለቀናት ባቆየው ለውጥ ይኖራል? ወይስ በማጉያ መነጽር እያየሁ ነጥቦቹን ብቻ በእሾህ ጫፍ ላላቅቅ? ካልነካኋቸውስ ዝገቱ ይስፋፋል?