የአምስት ዓመት የኢኮኖሚ ልማት እቅድ ለከተማ ቀመስ ወረዳ፦ ከምን ይጀመር?

ጥያቄ
አንድ አነስተኛ ከተማና ዙሪያውን ያሉ የገጠር መንደሮች አሉ። ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ ጠዋት ሌላ ከተማ ሄዶ ሠርቶ ማታ ይመለሳል። ለምክር ቤቱ የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው፦ የእርሻ ምርት ማቀነባበሪያ፣ የኢንዱስትሪ ሼድ፣ ቱሪዝም። የሚያዋጣው በምን ይለያል?

መልስ 1
መጀመሪያ አካባቢው በምን ዘርፍ እንደሚበልጥ ይታወቅ። ዘርፉ ከአካባቢው የሥራ ብዛት የያዘው ድርሻ፣ በአገር ደረጃ ለያዘው ድርሻ ይካፈል። እዚህ ከ100 ሥራ 12ቱ ማቀነባበሪያ ቢሆን፣ በአገር ደረጃ ደግሞ 4 ቢሆን፣ ውጤቱ 3 ነው። ከ1 በደንብ ካለፈ ዘርፉ ከአካባቢው ውጭ ላለ ገበያተኛም እየሸጠ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት ነገር ያሳስታል። ሠራተኛው መቆጠር ያለበት በሚኖርበት ሳይሆን በሚሠራበት ቦታ ነው፤ እንዲህ ሰው ወጥቶ በሚሠራበት ወረዳ ሁለቱ ከተደባለቁ የሌለ ዘርፍ ይፈጠራል። ደግሞም ያ 3 ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የመጣ ከሆነ ጥገኝነት እንጂ ጥንካሬ አይደለም።

መልስ 2
ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ግን የገባው ገንዘብ የት እንደሚሄድ አይነግርም። ለዚያ የብሪታኒያው የጥናት ተቋም ኒው ኢኮኖሚክስ ፋውንዴሽን ያወጣው የሦስት ዙር ስሌት አለ። ምክር ቤቱ ለአንድ ሥራ 100 ከፈለ፤ ተቋራጩ ከዚያ 60ውን ለአካባቢው ሠራተኛና አቅራቢ አወጣ፤ እነሱ ደግሞ 24ቱን እዚያው መልሰው አወጡ። ድምሩ 184 ለ100 ሲካፈል 1.84። ገንዘቡ ወዲያው ከአካባቢው ወጥቶ የሚሄድበት ሥራ 1.2 አካባቢ ይቀራል። የአካባቢው ወሰን ግን ከስሌቱ በፊት ይቆረጥ፤ አለዚያ ሁሉም የሚፈልገውን ቁጥር ያገኛል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቦታ ያለ ድርጅት በቅርንጫፉ አድራሻ ደረሰኝ ስለቆረጠ ብቻ የአካባቢ አይባልም።

በእንግሊዟ ፕሬስተን ትልልቅ የመንግሥት ተቋማት እዚያው ከተማ የሚያወጡት የግዢ ገንዘብ በ2012/13 ከነበረበት 5 በመቶ በ2016/17 ወደ 18 በመቶ ደርሷል (ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)። በብዙ አገር የግዢ ሕግ ለአካባቢው ድርጅት በግልጽ ማዳላትን ቢከለክልም፣ ጨረታን በትንንሽ ሎት (ለየብቻ በሚጫረቱ ክፍሎች) መከፋፈል አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ከተጫራቹ የሚጠየቀው የዓመት ሽያጭ መስፈርትም ከሥራው መጠን ጋር ይመጣጠን። ትንሹን አቅራቢ ከምንም በላይ የሚገድለው ግን የዘገየ ክፍያ ነው፤ በ30 ቀን መክፈል ካልተቻለ ሎት መከፋፈሉ ትርጉም የለውም።

ጠያቂ
ሼዱስ? እርዳታ ሰጪ ተገኝቶለታል።

መልስ 3
እርዳታው የሚሸፍነው ግንባታውን ነው፤ ጥገናውና ጥበቃው ከመደበኛ በጀት ይወጣል። ስለዚህ ኪራዩ እነዚህን መሸፈኑ አስቀድሞ ይሰላ። ከ50 እስከ 100 ካሬ ሜትር በሆኑ አራት ወይም አምስት ክፍሎች ይጀመር፤ ከአምስቱ አራቱ ሳይከራዩ ቀጣዩ ምዕራፍ አይከፈት። ቃል የገባ ተከራይ ተከራይ አይደለም፣ የፈረመ ነው።

ማቀነባበሪያ የሚገባ ከሆነ ፍሳሹ ይታሰብ። የወተትና የእርድ ፍሳሽ በያዘው ብክለት ከቤት ፍሳሽ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለመኖሪያ ቤቶች የተሠራ የከተማ ማጣሪያ አይችለውም። ቅድመ ማጣሪያው የማን ወጪ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቱሪዝሙን በጎብኚ ብዛት አትለኩ፤ በአዳር ቁጥር ለኩ። ውሎ የሚመለሰው የሚተወው በአብዛኛው ቆሻሻና የመኪና መጨናነቅ ነው።