ጥርሱ የተጨፈለቀ መንጠቆ ጂቲን ይይዛል?

ጨው ውኃ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። በጥቅምት ወደ ደቡብ ኦማን፣ ሐላኒያት ደሴቶች፣ ለሦስት ቀን በፖፐርና በስቲክቤይት (ዓሣ መሰል ማባበያዎች ናቸው) ጃያንት ትሬቫሊ፣ ጂቲ የሚባለውን ትልቅ የባሕር ዓሣ፣ ልናጠምድ ነው። የጀልባው ሰዎች ባርብለስ ካልሆነ አናሳፍርም ብለዋል፤ ከመንጠቆው ጫፍ በታች ወደ ኋላ የዞረችው ጥርስ መጥፋት አለባት። ሉሮቼ፣ ማለትም ማባበያዎቹ፣ ከ120 እስከ 160 ግራም ናቸው፣ ሁሉም ላይ ትሬብል (ሦስት ጫፍ ያለው መንጠቆ) ነው ያለው። አንዱን በፒንሳ ስጨፈልቅ ጫፉ ተሰበረብኝ። እንዴት ነው ሳይሰበር የሚሠራው? ትሬብሉን አውጥቼ ነጠላ ባስገባስ? ደግሞ ያን የሚያህል ዓሣ ያለ ጥርስ ይቆያል ወይ? ክሬ ፒኢ 8 (የክር ውፍረት ቁጥር)፣ ሪሌ (የክር መጠቅለያው) መጠኑ 18000 ነው።

ሞርሳ
ጫፉ የተሰበረው ፒንሳውን አግድም ስለያዝከው ይመስለኛል። የፒንሳው አፍ ከመንጠቆው ጫፍ ፊት ለፊት ገብቶ በጫፉ አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ አግድም ከሆነ ጥርሷን ስትጫን ጫፉንም አብረህ ታጎብጠዋለህ። የባሕር መንጠቆ ጠንካራ ብረት ነው፣ ከመታጠፍ መሰበር ይቀለዋል። አፉ ለጥ ያለ ፒንሳ ተጠቀም፣ ቀስ እያልክ ጫን፣ አትጠምዝዝ፣ አታወዛውዝ። ጥርሷ ተሰብራ ብትወድቅ ችግር የለውም፣ ጫፉ ይትረፍ እንጂ። ለወፍራሞቹ፣ በመንጠቆ ቁጥር ከ5/0 በላይ ላሉት፣ በእጅ መታገሉን ተወው። መንጠቆውን በጎባጣው በኩል ሞርሳ ላይ እሰርና ጥርሷን በደቃቅ ሞረድ ብላት፤ ሞረዱ ወደ ጫፉ ይሂድ፣ አትመልሰው።

ማለቁን በዓይን አትመን። መንጠቆውን አሮጌ የጥጥ ካልሲ ላይ ሰክተህ መልሰህ ሳበው። ክር ይዞ ከወጣ ገና ነው። መነጽር ማድረግም አትርሳ፤ የተሰበረች ጥርስ የት እንደምትፈናጠር አታውቅም። ሥራውን ከሉሩ ላይ ሳይሆን መንጠቆውን ፈትተህ ሥራው።

ሰማያዊ ሸራ
ነጠላ አድርገው፤ ስድስት ጥርስ ከምትጨፈልቅ ሁለት ይሻላል። ግን ክብደቱን ጠብቅ። መጀመሪያ ሁለቱን ትሬብል ከነስፕሊት ሪንጋቸው (መንጠቆውን ከሉሩ የሚያያይዘው ቀለበት) በኩሽና ሚዛን መዝን፤ አዲሶቹ ነጠላዎች ከዚያ ብዙ መራቅ የለባቸውም። ከቀለሉ አንድ ቁጥር ከፍ በል። ፖፐር ይህን ብዙም አይቆጥርም፤ ስቲክቤይት ግን ጭራው ከለመደው በላይ ከተንሳፈፈ መዋኘቱን ትቶ ውኃው ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ባልዲ ሙላና ሁለቱንም ዓይነት አስገብተህ አቀማመጡን አስተያይ።

አቅጣጫው፦ የሆዱ መንጠቆ ጫፍ ወደ ሉሩ ራስ፣ የጭራው ወደ ላይ። ቀለበቱ ከመንጠቆው ጋር ቀጥ ያለ፣ ለሉር ተብሎ የተሠራ ነጠላ ግዛ፤ ለጂግ (ወደ ጥልቅ ለሚወርድ የብረት ማባበያ) የተሠራው ላይ ቀለበቱ ስለዞረ መንጠቆው ጎኑን ይተኛል። ሲወዛወዙ ሁለቱ መንጠቆዎች እንዳይገናኙ፣ አፋቸው ደግሞ ከሉሩ ወገብ እንዲሰፋ ተመልከት። ስፕሊት ሪንጉ ከ150 ፓውንድ አይነስ።

ማዕበል
ጨው ውኃ ወንድሜ፣ ዓሣውን የሚይዘው የክሩ መወጠር ነው፤ ጥርስ የምትረዳው ክር ሲላላ ብቻ ነው። እንዲያውም ጥርስ የሌለው መንጠቆ በትንሽ ኃይል ጠልቆ ይገባል፤ የጂቲ አፍ ጠንካራ ስለሆነ ይህ ይጠቅማል። ፒኢ 8 እንደ ሥሪቱ ወደ 100 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ድራጉን (ዓሣው ሲስብ ሪሉ ክር የሚለቅበትን ጥብቀት) በሚዛን ስበህ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ላይ አስተካክልና ጀምር።

ውኃው ሲፈነዳ አይተህ አትሳብ፣ ክብደቱ እጅህ ላይ እስኪሰማህ ጠብቅ። ከዚያ በኋላ ዓሣ የሚጠፋው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ወደ ጀልባው ዞሮ ሲሮጥ፣ ያኔ ዘንግ ማንሳቱን ትተህ ሪል ብቻ አዙር። ሁለተኛው ዘንጉን ከፍ አድርገህ ስትለቀው፤ ጫፉ ከሪሉ ፍጥነት በላይ ከወረደ ክሩ ለቅጽበት ይላላል፣ ለባርብለስ ያቺ ትበቃዋለች። አጫጭር አድርገህ ሳብ።

ሞርሳ
ልክ ነህ፣ ግን ለሁሉም ዓሣ አይሠራም። ኩዊንፊሽና ዶራዶ እየዘለሉ ራሳቸውን ያራግፋሉ፣ በባርብለስ ከወትሮው የበለጠ ታጣለህ። ሲዘል ዘንጉን ወደ ውኃው ዝቅ አድርግ።

ቀዘፋ
ጀልባው ሰዎቹን ማስገደዱ ለዓሣው ብቻ አይደለም። ሁለት መንጠቆ የተሸከመ 150 ግራም ሉር ከዓሣ አፍ ተፈናጥሮ እጅ ላይ ቢሰካ ባርብለሱ በገባበት ጎባጣ መንገድ ተመልሶ ይወጣል፤ ጥርስ ያለው ግን ሥጋ ይዞ ነው። ዓይን ወይም አንገት አካባቢ ከሆነ ማንኛውንም አትንካ፣ ሐኪም ያውጣው። ከጉዞው በፊት የቴታነስ ክትባትህን አረጋግጥ።

ዓሣውን ስትይዝ ጓንት አድርግ። ከጭራው ሥር በሁለቱም ጎን የተደረደሩት አጥንታም ቅርፊቶች እንደ መጋዝ ናቸው። ሌላውን እጅህን ከሆዱ ሥር አስገባ፣ በመንጋጋው አታንጠልጥል። መንጠቆውን በረጅም ፒንሳ ከጎባጣው ይዘህ ወደ ኋላ ግፋ፤ ብዙ ጊዜ እሱው ይወድቃል።

ጨው ውኃ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረችኝ፣ ሞረድ የነካው ቦታ አይዝግም?

ሞርሳ
ይዝጋል፣ ልባጡን አንስተኸዋልና። ማታ ማታ ከነሉሩ በጨው አልባ ውኃ እጠብ፣ አድርቅ፣ የተሞረደውን በዘይት በነካ ጨርቅ አብስ። ጠዋት ጫፉን የአውራ ጣትህ ጥፍር ላይ አሳርፈው። ከተንሸራተተ ሞርደው፤ ዝገቱ ጫፉን ከበላው ጣለው። ለሦስት ቀን ከስድስት ያላነሰ መለዋወጫ ተጨፍልቆ የተዘጋጀ ያዝ።