ናሽናልስ ፓርክ ከልጆች ጋር፦ ጥላ ያለው ወንበር የቱ ጋ ነው?

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጁላይ አንድ ቅዳሜ፣ በ4 ፒኤም የሚጀምር ጨዋታ የ7 እና የ10 ዓመት ልጆቼን ይዤ የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ወደሚጫወትበት ናሽናልስ ፓርክ መሄድ አስቤያለሁ። ፀሐዩን የምናመልጥበት ቦታ የቱ ጋ ነው? በባቡርስ እንዴት ይሻላል? ደግሞ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ቦታ ድሮ ስታዲየም ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ሰርድቤዝ፦
እህቴ፣ የሰርድ ቤዝን (ሦስተኛውን ማረፊያ) ጎን ያዢ። ሜዳው ከሆም ፕሌት (ኳሱ ከሚመታበት ቦታ) ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው የሚያየው። ስለዚህ የሰርድ ቤዝ መቀመጫዎች በምዕራብ በኩል ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባሽ ትሆንና ጥላው መጀመሪያ እዚያ ይወድቃል። ከ110 እስከ 117 ባሉት ክፍሎች ኋላ ያሉትን ረድፎች ፈልጊ፤ የላይኛው ፎቅ ጣሪያ ይሆናቸዋል። ፊት ያሉት ረድፎች ውድ ናቸው፣ ጥላውም የሚደርሳቸው ዘግይቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በራይት ፊልድ (በሜዳው የቀኝ ጥልቅ ክፍል) ነው፦ ቲኬቱ ርካሽ ስለሆነ ይገዛሉ፣ ከዚያ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ፊት ለፊት ትመታቸዋለች። ለልጆች አይሆንም።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ የናሽናልስ ተጫዋቾች የሚቀመጡት በፈርስት ቤዝ (በመጀመሪያው ማረፊያ) በኩል ነው፤ በሰርድ ቤዝ በኩል ያሉት እንግዶቹ ናቸው። ልጆቹ የራሳቸውን ቡድን በቅርብ ማየት ካማራቸው ቀድማችሁ ገብታችሁ ሲያሟሙቁ በዚያ በኩል አሳያቸው፣ ከዚያ ወደ ጥላችሁ ተመለሱ። ስለ ኳሱ ብዙ አትስጊ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መከላከያ መረቡ በሁለቱም ጎን እስከ ፋውል ፖሎቹ (በሜዳው መጨረሻ ዳርና ዳር ያሉት ምሰሶዎች) አካባቢ ተዘርግቷል።

አረንጓዴ መስመር፦
ጣቢያው ኔቪ ያርድ–ቦልፓርክ ነው። ከኪንግ ስትሪት ቢጫውን የሜትሮ መስመር ያዙ፣ ላንፋንት ፕላዛ ውረዱ፣ ብራንች አቬኑ የሚለውን አረንጓዴ ያዙ፤ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ናችሁ። በሃፍ ስትሪት በኩል ውጡ፣ የሴንተር ፊልድ (የሜዳው የመሃል ጥልቅ ክፍል) በር ይታያችኋል።

ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ወደዚያ አንድ መግቢያ ስለሚጎርፍ ወረፋው መንገድ ላይ ድረስ ይደርሳል። የሁሉንም የሜትሮ ካርድ የደርሶ መልስ አድርጋችሁ ቀድማችሁ ሙሉ፤ ማሽኑ ጋ ያለው ሰልፍ ከባቡሩ ይብሳል። ልጆቹ መራመድ ከቻሉ ደግሞ ወደ ካፒቶል ሳውዝ በእግር ሂዱ፣ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ ሰማያዊው መስመር ሳትቀይሩ ኪንግ ስትሪት ያደርሳችኋል። ከኔቪ ያርድ ስትነሱ ትንሽ ዳገት አለው፣ ለትንሹ ልጅ ውኃ ያዙ።

በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ በሩ ላይ ይመልሳችኋል። የቦርሳው ሕግ ስለሚቀያየር ከመውጣታችሁ በፊት የስታዲየሙን ገጽ ተመልከቱ።

ኢኒንግ፦
ለልጆች ዋናው ነገር በአራተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) መሃል የሚደረገው የፕሬዚዳንቶች ሩጫ ነው፤ ጆርጅ (ዋሽንግተን)፣ ቶም (ጄፈርሰን)፣ ኤብ (ሊንከን) እና ቴዲ (ሩዝቬልት) የሆኑ ሰዎች ትልልቅ ጭንቅላት አጥልቀው ይሮጣሉ። ቴዲ ከ2006 ጀምሮ ሲሸነፍ ኖሮ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው ኦክቶበር 3 ቀን 2012 ነው። ስለዚህ ሆት ዶግ ልትገዢ የምትነሺው በሦስተኛው ኢኒንግ ይሁን፣ በአራተኛው አትነሺ። ከ2023 ወዲህ ወርዋሪው ላይ ሰዓት ስለሚቆጠርበት ጨዋታው አጥሯል፤ ወረፋ ላይ ስትቆሚ ብዙ ያልፍሻል።

ስታዲየሙ የተከፈተው ማርች 30 ቀን 2008 ነው፤ የናሽናልሱ ሪያን ዚመርማን በመጨረሻው ኢኒንግ ሆም ራን (ኳሱን ከአጥሩ አሻግሮ) መትቶ ናሽናልስ አትላንታን 3 ለ 2 አሸነፉ። በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ናሽናልስ ዎርልድ ሲሪዝን (የሊጉን የፍጻሜ ውድድር) ሲወስዱ እዚህ ያደረጉትን ሦስት ጨዋታ በሙሉ ተሸንፈው፣ ዋንጫውን ያነሱት ሂዩስተን ላይ ነው።

የጆርጂያ አቬኑ፦
የሆስፒታሉ ነገር እውነት ነው። ግሪፊዝ ስታዲየም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 የእንጨቱ ስታዲየም ተቃጥሎ በብረትና በኮንክሪት እንደገና ተሠራ፣ በ1965 ፈረሰ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተበት። የዚያን ጊዜው የከተማዋ ቡድን ዋሽንግተን ሴኔተርስ የ1924ቱን የዎርልድ ሲሪዝ ዋንጫ ያነሱት እዚያ ነው፤ ሰባተኛው ጨዋታ 12 ኢኒንግ ፈጅቶ 4 ለ 3 አለቀ፣ ወርዋሪያቸው ዋልተር ጆንሰን መጨረሻ ላይ ገብቶ ወርውሮ።

ቅርጹ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነበር። በሴንተር ፊልድ በኩል አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዛፍ ነበሩ፤ ባለቤቶቹ አንሸጥም ስላሉ አጥሩ እነሱን ዞሮ ወደ ሜዳው ታጥፎ ገባ። ጥቁሮች ከዋናው ሊግ በታገዱበት ዘመን የጥቁሮች ቡድን የነበሩት ሆምስቴድ ግሬይስም እዚያው ይጫወቱ ነበር፣ ኮከባቸውን ጆሽ ጊብሰንን ይዘው። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ ሊጉ በሩን የዘጋባቸው ሰዎች ዛሬ ሐውልት አላቸው። የጊብሰንም የጆንሰንም ሐውልት ናሽናልስ ፓርክ ቆሟል። የጆንሰንን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ የውርወራውን እንቅስቃሴ ለማሳየት ክንዱ ተደራርቦ ነው የተቀረጸው።

ቦታው ከ9ኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሆም ፕሌቱ የነበረበት ቦታ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል፤ ግን የሚሠራ ሆስፒታል ስለሆነ መጀመሪያ መግቢያው ላይ ጠይቂ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፍል 114፣ ኋላ ያለ ረድፍ ያዝኩ። መልሳችን በካፒቶል ሳውዝ ነው።