በረንዳችንና ግቢያችን በጥገና ተይዞ አንድ ወር አለፈው፤ ኪራይ መቀነስ እችላለሁ?

ጠያቂ (ከሽምብጥ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ኪራዩ በወር 6,000 ብር ነው። በጽሑፍ ያለው ውላችን «ሁለት ክፍል ከነበረንዳው፣ ግቢውን በጋራ መጠቀም» ይላል።

ከፋሲካ በኋላ አከራያችን የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ስለሞላ አዲስ ማስቆፈር ጀመሩ። በሁለት ሳምንት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ ይኸው አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ግንበኛው ሁለት ቀን ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል። አሸዋው በረንዳችን ላይ ተደፍቷል፣ ብሎኬቱ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ላይ ተደርድሯል። በግንቦት ሙቀት ባሕር ዳር ቆርቆሮ ሥር የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ እኛ የምንኖረው በረንዳው ላይ ነው። ወጡም ቡናውም የልጁ ጥናትም እዚያ ነበር። አሁን ባለቤቴ ከሰሉን ቤት ውስጥ ለማቀጣጠል ተገዳለች።

ትናንት ደግሞ የሦስት ዓመቷ ልጄ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ጠጠር ስትወረውር አገኘኋት። ሥሩ ውሃ ስለቋጠረ ጠጠሩ ሲገባ «ጡብ» ይላል፤ ድምፁን ወዳው ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ባለቤቴ ስትወልድ ገንፎውን ያገነፉት እሳቸው ናቸው። ግን ስንት ጊዜ ነግሬ «ትንሽ ታገሥ ልጄ» ነው መልሱ። የሰኔን ኪራይ ግማሹን ብቻ ብከፍል ሕግ ይደግፈኛል?

መልስ (የሕግ ባለሙያ ነኝ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ከሰሉን ከቤት አውጡት። ጭሱ ባይታይም በተዘጋ ክፍል ይገድላል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ኪራዩን በራስህ እጅ አትቀንስ። አከራይህ የቱንም ያህል ቢያጠፉ፣ ግማሽ የከፈልክ ዕለት ውል ያፈረስከው አንተ ትመስላለህ። ሙሉውን በባንክ ክፈል፣ ደረሰኙን ያዝ፣ ቅናሹን በጽሑፍ ጠይቅ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ከቁጥር 2896፣ ስለ ቤት ኪራይ ደግሞ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ይናገራል። ባጭሩ አከራይ ቤቱን የመጠገን ግዴታ አለባቸው፤ አስቸኳይ ጥገና ሲመጣ ተከራይ ይታገሣል። የሞላ ሽንት ቤት አስቸኳይ ስለሆነ «ለምን ተቆፈረ» ብለህ አትከራከር። የሚያከራክረው መጓተቱ ነው። ጥገናው ከተከራየኸው ላይ ከፊሉን ከከለከለህ የኪራይ ቅናሽ መጠየቅ ትችላለህ። በረንዳው በውሉ መጻፉ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ክፍሉን ብቻ ያስጽፍና ግቢው ሲወሰድበት የሚያሳየው ያጣል።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን፦ «ከዚህ ቀን ጀምሮ በረንዳውና የግቢው ክፍል በአሸዋና በብሎኬት ስለተያዘ መጠቀም አልቻልንም። ጉድጓዱ ዛሬ እንዲከደን፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን እንዲወሰን፣ ላልተጠቀምንበት ጊዜ ኪራይ እንዲቀነስልን እጠይቃለሁ።» ቀን ጻፍበት፣ ፎቶ አንሣ፣ ምስክር ባለበት ስጥ፣ ቅጂ አስቀር። ካልተስማማችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው፤ ውልህን ይዘህ ሂድ።

መልስ (ግንበኛ)

እኔን ያስጨነቀኝ ጉድጓዱ ነው። ባሕር ዳር ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነች ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይመጣል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ያልተገነባ ጉድጓድ ጎኑ ይናዳል፣ ከነአፉ ይሰፋል። ስለዚህ እትዬን «ክረምት ሳይገባ» በላቸው፤ ገንዘባቸውም የሚድነው እንዲህ ነው።

ዛሬውኑ ወፍራም ጣውላ በላዩ ይጋደም፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ይታጠር። ሸራ ብቻ እንዳታለብሱት! ሸራ መሬት ይመስላል፣ ልጅ ይረግጠዋል። ውሃው በፓምፕ ወጥቶ ብሎኬቱ ከተገነባ በኋላ ሶሌታው፣ ማለትም የጉድጓዱ የኮንክሪት ክዳን፣ ይሞላል። ሶሌታ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ እስኪጠነክር ካዛፎርማው (ኮንክሪቱን ደግፎ የሚይዘው ጣውላ) አይነሣም፣ በላዩም አይኬድም። ይህን አስባችሁ ቀን ቁረጡ። አሸዋው ግን አሁኑኑ ከበረንዳው ወደ አጥር ጥግ ይዛወር፤ ለሁለት የቀን ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መልስ (ዓባይ ማዶ)

ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል? ግማሹን ክፈልና ተቀመጥ። ያኔ ግንበኛው ሮጦ ይመጣል።

መልስ (ቀበሌ 14)

ወንድሜ፣ እኔ እንዲያ አድርጌ ነበር። የአጥር ሥራ ነበር፣ በአፍ ብቻ ተነጋግረን ቀነስኩ። «ኪራይ አልከፈለም» ተባልኩና ሽማግሌ ፊት የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ክረምት ለክረምት ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ወጣሁ። የሕግ ባለሙያዋን ስማት።

መልስ (እኔ አከራይ ነኝ)

ልጄ፣ ከአከራይ ወገን ልንገርህ። ግንበኛ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ሲቋረጥበት ነው። ሲሚንቶ ተገዝቶ ለሶሌታው ብረት ሳይተርፍ ይቀራል፤ አከራይ ደግሞ ይህን ለተከራይ መናገር ያፍራል። ቡና አፍልታችሁ «እትዬ፣ የጎደለው ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ገንዘብ ከሆነ የአንድ ወር ኪራይ ቀድመህ ልትሰጥ ትችላለህ፤ የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፣ ከዚያ አትለፍ። የሰጠኸውንም ቅናሹንም በወረቀት አስፍሩ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ደብዳቤውን ከቡናው በኋላ ስጣቸው። በፊት ከሆነ ይቀየማሉ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሰሉ በዚያው ማታ ወጥቷል። ትናንት ከባለቤቴ ጋር ሆነን እትዬን ቡና ጠራናቸው። እውነትም የብረት ገንዘብ ነበር የጎደለው። ስለ ልጄ ስነግራቸው ሲኒውን አስቀምጠው ተነሡ፣ ራሳቸው ጣውላ ጎተቱ። የሰኔን ኪራይ ቀድሜ ልከፍል፣ ከሐምሌው 1,500 ብር ሊቀነስልኝ፣ ሶሌታው እስከ ሰኔ 12 ሊሞላ ተስማምተን የእድራችን ዳኛ ባሉበት ፈረምን። አሸዋው ዛሬ ጠዋት ተነሥቷል። ግንበኛው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የድሮው ጉድጓድ በምን ይሞላ?

መልስ (ግንበኛ)

መጀመሪያ በፍሳሽ መኪና ይመጠጥ። ከዚያ በድንጋይና በቀይ አፈር እየተጠቀጠቀ ይሞላ፤ ቆሻሻ እንዳይጨመርበት፣ በኋላ ይሰጥማል። አንድ ክረምት ሳያልፍበት ምንም ነገር አትትከሉበት፣ የልብስ ገመድ እንጨትም ቢሆን።