የወንጀል ልብ ወለድ ረቂቅ መሃሉ ላይ ሲፈርስ ጀማሪ ጸሐፊን እንዴት እናግዝ?

ቀለሟ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የወንጀል ልብ ወለድ መጻፍ የጀመሩ አራት ወጣቶችን ረቂቅ እያነበብኩ አስተያየት እሰጣለሁ። ቋንቋቸው ደህና ነው፣ ችግሩ አወቃቀሩ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች ይስባሉ፤ ከዚያ መርማሪው ከቤት ቤት እየዞረ ቃል ይቀበላል፣ ምንም አይለወጥም። ገዳዩ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ብቅ ይልና ሦስት ገጽ ሙሉ ይናዘዛል። የፍርድ ቤቱ ትዕይንት ደግሞ በቀጥታ ከአሜሪካ ፊልም የተቀዳ ነው፤ አንዱማ አሥራ ሁለት ሰዎች ተሰብስበው ብይን እንዲሰጡ አድርጓል።

አንዷ ልጅ ግን ጥሩ ፍንጭ አላት። ሟቹ ዓርብ ግንቦት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ ገርጂ ሞቶ ይገኛል። በአስከሬን ምርመራ ሆዱ ውስጥ ገና ያልተፈጨ ክትፎ ይገኛል። ኢንስፔክተሩ «ዓርብ ጾም ነው፤ ስለዚህ የበላው ሐሙስ ነው፣ የሞተውም ሐሙስ ሌሊት ነው» ብሎ ይደመድማል። ወድጄዋለሁ፣ ግን የሆነ ነገር ከንክኖኛል። እኔው ሳልጽፍላቸው እንዴት ላግዛቸው?

አሻራ

ሰላም እህቴ። ከክትፎው ልጀምር፣ የቀረውም ከእሱ ይመዘዛል። የከነከነሽ ቀኑ ነው። በ2008 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 23፣ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ሰኔ 12 ነው። በመካከል ያለው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ግንቦት 12 ዓርብ መዋሉ ልክ ነው፣ ሟቹ ግን በዚያ ቀን ምሳውን ክትፎ ቢበላ የሚገርመው ምእመን የለም። ይህን የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ይከድነዋል።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ቀኑን ማዛወር፦ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓርብ ነው፣ ጾሙም ይሠራል። ግን ወር ስታዛውር ሌላውም አብሮ ይዛወራል። ግንቦት ላይ ዝናብ ጥሎ ጭቃው ላይ ዱካ ቀርቶ ከሆነ ጥቅምት ላይ ያንን ጭቃ ከየት ታመጣዋለች? ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ ስህተቱን ለኢንስፔክተሩ መተው ነው። ተሳስቶ «ሐሙስ ሌሊት» ይበል። በዚህ ስህተት ዓርብ ከሰዓት የት እንደነበረ ማንም የማይጠይቀው ሰው ነጻ ይወጣል፣ ሐሙስ ማታ ከሟቹ ጋር የተጣላው ምስኪን ይታሰራል። መጽሐፉ አጋማሽ ላይ የሟቹ ምግብ አብሳይ «ጌታዬ፣ በሃምሳው ማን ይጾማል?» ትበለው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሁሉም ሰው «እዚያ አልነበርኩም» ይገለበጣል።

መሃሉ የሚፈርሰው እንዲህ ያለ መገልበጥ ሲያጣ ነው። ቃል መቀበል በራሱ ክስተት አይደለም። እያንዳንዱ ቃል ከተሰጠ በኋላ መርማሪው የያዘው ጥያቄ መለወጥ አለበት፤ «ማን ገባ?» የነበረው «ማን ሳይወጣ ቀረ?» ካልሆነ ያ ትዕይንት ይሰረዝ።

ለልጆቹ የምታዢው ሥራ ይሄ ይሁን። ምዕራፍ አንድን ከመንካታቸው በፊት ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ያስምሩ፦ በእውነት የሆነው፣ ገዳዩ እንዲመስል የፈለገው፣ መርማሪው እስካሁን የሚያውቀው። ከግድያው ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ አስከሬኑ እስከሚገኝበት ድረስ በየሰዓቱ ይሙሉት። አንደኛውና ሁለተኛው ዓምድ የሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ፍንጭ ነው። ልዩነቱ ከስምንት ካነሰ በእጃቸው ያለው አጭር ልብ ወለድ ነው፣ ወደ ሦስት መቶ ገጽ ባይጎትቱት ይሻላል።

ተጠርጣሪ አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ሁሉም መዋሸት አለባቸው፣ ስለ ግድያው የሚዋሸው ግን አንዱ ብቻ ነው። የሌሎቹ ውሸት ዕዳ፣ ውሽማ፣ የተበላ የዕቁብ ገንዘብ፣ በሌላ ሰው ስም የተገዛ ኮንዶሚኒየም ሊሆን ይችላል። ገዳዩ በመጀመሪያው ሩብ ውስጥ ሲናገር መሰማት አለበት፤ ደግሞም ከተጠርጣሪነት ሌላ ሥራ ይኑረው፦ አስታራቂ፣ የእድር ገንዘብ ያዥ፣ ሻይ የምታቀርብ የአክስት ልጅ። አንባቢ ሥራ ያለውን ሰው ቶሎ አይጠረጥርም።

ፍንጭን ስለመደበቅ፦ ከሦስት ነገሮች ዝርዝር መካከለኛው ላይ አስቀምጠው፣ ወዲያው ጠብ አስነሳ። ጠረጴዛው ላይ መነጽር፣ ሁለት ሲኒና የመድኃኒት ማዘዣ አለ፤ በሩ ይበረገዳል። ሁለተኛውን ሲኒ ማንም አያስታውሰውም። ግን ታይቷል፣ ደንቡም ይኸው ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተቋቋመው የመርማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ክበብ አባላቱን ሲቀበል ወሳኝ ፍንጭ ከአንባቢ ላለመደበቅ ያስምላቸው ነበር። መሐላው በፌዝ መልክ የተጻፈ ቢሆንም ቁም ነገሩ ዛሬም ያው ነው።

ችሎት አዳሪ

ስለ ሕጉ ብቻ ልጨምር። ታሪኩ 2008 ላይ ከሆነ የሚገዛው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግና ሕገ መንግሥቱ ነው። ሌላ ዓመት ከመረጡ የዚያን ዓመት ሕግ ይዩ።

እኛ ዘንድ ከሕዝብ የተመረጠ የፈራጆች ጉባኤ የለም። ጥፋተኛ የሚሉትም ቅጣት የሚወስኑትም ዳኞች ናቸው። አሥራ ሁለቱን ሰዎች ይሸኙልን።

የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። ጸሐፊዎቻችን ይህን እንደ ቢሮክራሲ ቆጥረው ያልፉታል፣ እኔ ግን ለልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ቆጣሪ አላውቅም። መርማሪው በየ14 ቀኑ ችሎት ቆሞ «ምስክር ይቀረናል፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት አልደረሰንም» ማለት አለበት። ዳኛው ደግሞ «ባለፈውም ይህንኑ ብላችኋል» ይሉታል። የመሃሉ ምዕራፎች በቀጠሮዎቹ ቢከፈሉ የቤት ለቤቱ ዙረት በራሱ ይጣደፋል።

ብርበራ ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ በቀር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በእኩለ ሌሊት ባትሪ ይዞ የሚበረብር ኢንስፔክተር ከተጻፈ፣ ጠበቃው ችሎት ላይ ያንን ማንሳት አለበት። ያኔ ስህተቱ የሴራው አካል ይሆናል።

ኑዛዜውን በተመለከተ፦ ተይዞ ቃል የሚሰጥ ሰው መልስ ያለመስጠት መብት አለው፣ ይህም ይነገረዋል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ «ሁሉን ተናገረ» ብሎ መጽሐፍ መዝጋት በሕግም በድርሰትም ደካማ ነው። ገዳዩ የግድ ይናገር ከተባለ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ በፈቃዱ ቃሉን የሚያስመዘግብበት የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 አለ። በነጋታው ቃሉን ቢያጥፍ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይወጣዋል።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ከባድ ግፍ የተሞላበት ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። 540 ተራ ግድያ ነው፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት። ልዩነቱ በአመዛኙ ያረፈው በዝግጅቱና በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ከታወቀ በኋላም «አስቦበት ነው ወይስ ድንገት?» የሚለው ጥያቄ ሃምሳ ገጽ ሊሸከም ይችላል። ሰውየው ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ ተጠርጣሪ እንጂ ተከሳሽ አይባልም፤ «ዲቴክቲቭ» የሚባል ማዕረግም የለንም። ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር በሉ።

ነጭ ጋውን

ባጭሩ፣ ስለ ሞት ሰዓት። የሰውነት መድረቅ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ በ12 ሰዓት ገደማ ሙሉ ይሆናል፣ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ብርድ ያዘገየዋል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኑን አትርሱ። የአስከሬን ምርመራ ሐኪም «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሞቷል» አይልም፤ የሰዓታት ክልል ይሰጣል። የሆድ ይዘትም እንዲሁ ነው፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ፍርሃትና ሕመም ደግሞ መፈጨቱን ያጓትቱታል። ስለዚህ ክትፎው ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ የሚጠቅማቸው ደም ወደ ታች ወርዶ ቆዳ ላይ የሚያሳየው ወይን ጠጅ መልክ ነው። ከሞት በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጸናል፤ ከዚያ አስከሬኑ ቢገለበጥም ቦታውን አይለቅም። ሟቹ በጀርባው ተጋድሞ ተገኝቶ ያ መልክ ደረቱ ላይ ከታየ፣ ከሰዓታት በኋላ አንድ ሰው ገልብጦታል ማለት ነው።

የሌሊት አንባቢ

አሻራ ባለው የምስማማው በከፊል ነው። ሰንጠረዡ አስቀድሞ ሲሠራ ገጸ ባሕርያቱን የሚያደርቅባቸው ጸሐፊዎች አሉ። እነሱ ረቂቁን በነጻነት ይጻፉት፣ ከዚያ ከተጻፈው ላይ ሰንጠረዡን ያውጡ። ውጤቱ አንድ ነው፣ ልዩነቱ የወረቀት ብክነት ነው።

ፍንጩን ግን ከውጭ አያምጡት። እኛው ዘንድ ሞልቷል። የደኅንነት ካሜራ 02:00 ያሳያል፤ ጥበቃው «ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያየሁት» ይላል። መርማሪው ሁለቱ የተስማሙ ይመስለዋል፣ በመካከላቸው ግን ስድስት ሰዓት አለ። በአባት ስም የማይመሳሰሉ የአንድ እናት ልጆች ወንድማማችነታቸውን ሳይናገሩ አንድ ግቢ ሊኖሩ ይችላሉ። የክርስትና ስምስ? ብዙ ሰው መተት ይሠራብኛል ብሎ ይደብቀዋል። በሟቹ ደጃፍ የተጣለ ክታብ ላይ የክርስትና ስሙ ተጽፎ ከተገኘ፣ የተጠርጣሪው ክበብ ወደ እናቱ፣ ወደ ክርስትና አባቱና ወደ ንስሐ አባቱ ይጠባል። የንስሐ አባቱ ደግሞ የሰሙትን አይናገሩም።

ዘመኑንም አጥብቀው ይፈትሹት። 2008 ላይ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር አለ፣ ጥቅምት 29 ቀን ነው ሥራ የጀመረው። በቴሌብር የተላከ ገንዘብ ግን ሊኖር አይችልም፤ አገልግሎቱ የተጀመረው ግንቦት 2013 ነው።

ሳትጽፊላቸው ለማገዝ፦ ኅዳጉ ላይ መፍትሔ አትጻፊ፣ ጥያቄ ብቻ። «ቁልፉን ማን መለሰው?» ይበቃል። ሦስት እስክርቢቶ ስጫቸው፦ በቀይ እውነተኛ ፍንጭ፣ በአረንጓዴ ውሸት፣ በሰማያዊ አሳሳች ነገር ያስምሩ። ሃያ ገጽ ያለ ቀይ ካለፈ እዚያ ነው የሚፈርሰው። ቀዩ ሁሉ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ከተከመረ አንባቢው ተጭበርብሯል።

ከዚያ ረቂቁን ለማያውቁ ሦስት ሰዎች ስጪና ሁለት ሦስተኛው ላይ አስቁሚያቸው። ገዳዩ ማን ነው፣ ለምን፣ ከየትኛው ገጽ ጀምሮ ጠረጠርክ? በጽሑፍ ይመልሱ፣ በቃል ከሆነ አንዱ ሌላውን ይከተላል። ሦስቱም ካገኙት ፍንጩ በዝቷል። ማንም ካላገኘውና መጨረሻውን አንብበውም «ከየት መጣ?» ካሉ ፍንጩ የለም። አንዱ ጠርጥሮ ሁለቱ ወደ ኋላ ገልጠው «ለካ እዚህ ነበር!» ካሉ አትንኪው። የጸሐፊው ጓደኞች ግን አይሁኑ፣ ይሉኝታ ፈተናውን ያበላሸዋል።

ቀለሟ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግንቦቱን ስህተት ለኢንስፔክተሩ እንድትተወው እነግራታለሁ፣ ማለቴ እጠይቃታለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ሁለቱ ልጆች ተጠርጣሪዎቹን በሙሉ አንድ ሳሎን ሰብስበው መርማሪው ንግግር እንዲያደርግ ነው የጻፉት። ሰው ሠራሽ ሆነብኝ፤ በምን ይተኩት?

አሻራ

በተዝካር። በአርባኛው ቀን ዘመድም ባለዕዳም ጠላትም ሳይጠራ ይመጣል፣ ካልመጣም መቅረቱ ይወራል። ከችሎት አዳሪ ቀጠሮ ጋር ደምሩት፦ ሰውየው ሞት በተሰማ በማግሥቱ ከታሰረ፣ 48 ሰዓትና ሦስት ጊዜ 14 ቀን ሲደመር 44 ቀን ነው። ተዝካሩ ሦስተኛው ቀጠሮ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይውላል ማለት ነው። ንጹሑ እስር ቤት ነው፣ ገዳዩ ድንኳኑ ውስጥ እንጀራ እያነሳ ነው።

ንግግር አያስፈልግም። ቄሱ ለፍትሐቱ የሟቹን የክርስትና ስም ሲጠይቁ ቤተሰቡ እርስ በርስ ይተያያል፣ እናቲቱ ከሞተች ቆይታለች። ማወቅ የማይገባው አንድ ሰው ከጥግ ስሙን ይናገራል። ኢንስፔክተሩ እዚያ ሆኖ መስማት አለበት፤ ክታቡም ቢያንስ መቶ ገጽ ቀደም ብሎ፣ ከሌሎች ሁለት ዕቃዎች መካከል፣ ታይቶ መታለፍ አለበት።